ኔትወርክ ልቀይር ወይስ ባለሁበት ልቆይ?

«ሃሎ? ሃሎ... ይሰማሃል? ቆይ አንዴ ወደ መስኮቱ ልጠጋ።»

ይህን ሳይል የኖረ የሞባይል ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ድምፁ ጥርት ይላል። ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲመለሱ መቆራረጥ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብም የታወቀ ነው፦ «ይሄን ኔትወርክ መቀየር አለብኝ!» አንዳንዱ በዚያው ቀን ሄዶ አዲስ ሲም ያወጣል። ብዙው ሰው ግን እያማረረ ዓመታት ባለበት ይቆያል።

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ብዙ ጊዜ የምንወስነው በማስታወቂያ፣ በጓደኛ ወሬ ወይም በንዴት መሆኑ ነው። «የትኛው ኔትወርክ ነው ጥሩ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። «እኔ በምውልበትና በማድርበት ቦታ፣ በእኔ ስልክ፣ እኔ በምጠቀምበት ሰዓት የትኛው ይሻለኛል?» የሚለው ግን መልስ አለው። መልሱንም ብዙ ሳያወጡ በራስ እጅ ማግኘት ይቻላል።

ኔትወርክ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአንድ ቃል ሦስት ነገር እንጠራለን። «ኔትወርክ የለም» ስንል ስለ ሲግናል እያወራን ነው። «ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ» ስንል ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ነው። «ኔትወርክ ቀየርኩ» ስንል ደግሞ ስለ ኩባንያው ነው። ሦስቱ ይያያዛሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ስልካችሁ የሚያወራው በአቅራቢያው ካለ ማማ ጋር ነው። ማማው ላይ የተሰቀሉት አንቴናዎች እያንዳንዳቸው የተወሰነ አካባቢ ይሸፍናሉ። ይህ አካባቢ «ሴል» ይባላል። ስትንቀሳቀሱ አንዱ ሴል ለሌላው ያስረክባችኋል። ርክክቡ ሳይሳካ ሲቀር ጥሪው ይቋረጣል። መኪና ውስጥ ሆናችሁ ሁሌም አንድ ኩርባ ላይ ስትደርሱ ስልክ የሚቋረጥባችሁ ከሆነ፣ ይኸው ርክክብ ሊሆን ይችላል።

ገመድ አልባ የሆነው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ከስልካችሁ እስከ ማማው ብቻ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ በአብዛኛው በፋይበር ገመድ ነው። ፋይበር ያልደረሰበት ቦታ ላይ ደግሞ ከማማ ወደ ማማ በማይክሮዌቭ፣ ማለትም በሬዲዮ ሞገድ፣ ይተላለፋል። ማማው መብራትም ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪና በጄኔሬተር ይቆያል፤ እሱም ሲያልቅ ዝም ይላል። ስለዚህ «ኔትወርኩ መጥፎ ነው» ስንል የትኛው ጋ እንደተበላሸ ገና አላወቅንም።

ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀራፈፋል?

ሰውን ከሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

ስልኩ አናት ላይ የሚታዩት ትንንሽ ዘንጎች የሚናገሩት ማማው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማችሁ ነው። ከማማው ጋር ስንት ሰው እያወራ እንደሆነ አይናገሩም። አንድ ክፍል አስቡ። መምህሩ ድምፁ ጎላ ያለ ነው፤ የኋላ ወንበር ላይ ያለ ተማሪም በደንብ ይሰማዋል። ግን ስልሳ ተማሪ በአንዴ እጁን ካወጣ ተራ የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። የአንድ ሴል አቅምም በውስጡ ላሉት ሁሉ ይከፋፈላል። ስታዲየም ውስጥ ዘንጉ ሙሉ ሆኖ ፎቶ አልላክ የሚለው ለዚህ ነው። ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት፣ ቀን ይበር የነበረው ኢንተርኔት የሚያዘግመውም ለዚሁ ነው።

ዘንጎቹ ራሳቸው አንድ ወጥ መለኪያ የላቸውም። ስንት ዘንግ መቼ እንደሚታይ የሚወስነው ስልኩን የሠራው ድርጅት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አይፎን 4 ሲወጣ ሲግናል ይጠፋል የሚል ቅሬታ በዛ። አፕል ባወጣው መግለጫ ዘንጎቹን የሚያሰላበት ቀመር የተሳሳተ እንደነበር አመነ። ብዙ ጊዜም ስልኩ ከሚገባው ሁለት ዘንግ አብልጦ ያሳይ ነበር። ስለዚህ የእናንተን ስልክ ዘንግ ከጓደኛችሁ ስልክ ዘንግ ጋር አይታችሁ ኔትወርክ ብታወዳድሩ ብዙም አያስኬድም።

ትክክለኛው የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ዲቢኤም (dBm) ይባላል። አንድሮይድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ስር፣ የሲሙን ሁኔታ የሚያሳየው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ስትደውሉ የመለኪያ ገጽ ይከፈታል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። 4ጂ ላይ ከ-90 የተሻለ ከሆነ ደህና ናችሁ። -110 አካባቢ መቆራረጥ ይጀምራል። -120 ከደረሰ ሊጠፋ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ደግሞ የ10 ልዩነት ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይለያያል። በ-80 እና በ-110 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ነው።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ኢንተርኔቱ ከዘገመ፣ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ መጨናነቅ ወይም ከማማው ወዲያ ያለው መስመር ነው። ቁጥሩ ራሱ መጥፎ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ሽፋን ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የውሳኔው ግማሽ ነው።

አንዱ ኔትወርክ ጓዳ ድረስ ሲገባ ሌላው ለምን ደጅ ይቀራል?

ከሩቅ ሙዚቃ ሲመጣ መጀመሪያ ጆሯችን የሚደርሰው ከበሮው ነው። ዋሽንቱ መንገድ ላይ ይቀራል። በሩን ብንዘጋ እንኳ የከበሮው ድም ድም ግድግዳውን አልፎ ይገባል። የሬዲዮ ሞገድም ጠባዩ እንዲሁ ነው።

ዝቅተኛዎቹ ሞገዶች፣ ለምሳሌ 700፣ 800 እና 900 ሜጋኸርዝ (ሞገዱ የሚርገበገብበት ፍጥነት መለኪያ)፣ ሩቅ ይሄዳሉ፤ ግድግዳም ይሻገራሉ። እንደ 2600 እና 3500 ሜጋኸርዝ ያሉት ከፍተኛ ሞገዶች ሰፊ መንገድ ስለሚሰጣቸው ብዙ ዳታ ይሸከማሉ፤ ግን ቶሎ ይደክማሉ። በብዙ አገር ፈጣኑ 5ጂ የሚሠራው 3500 አካባቢ ባለው ሞገድ ነው። ደጅ ላይ 5ጂ ይል የነበረው ስልክ ጓዳ ስትገቡ ወደ 4ጂ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ሞገድን ለኩባንያዎች የሚያከፋፍለው መንግሥት ነው፤ በፈቃድ ወይም በጨረታ። ሁሉም እኩል አይደርሳቸውም። አንዱ ዝቅተኛ ሞገድ ይዞ በጥቂት ማማ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ሌላው ከፍተኛ ሞገድ ይዞ መሐል ከተማ ላይ ይበራል፤ ዳር ሲወጡ ይጠፋል። አንዱ «ሰፊው»፣ ሌላው «ፈጣኑ» ብሎ ያስተዋውቃል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ሕንፃውም የራሱ ድርሻ አለው። ወፍራም ኮንክሪት፣ ቆርቆሮ፣ ሙቀት እንዳያሳልፍ በስሱ ብረት የተቀባ መስታወት፣ ሁሉም ሲግናል ይጋርዳሉ። ሊፍት ውስጥ ስልክ የሚጠፋው የብረት ሳጥን ውስጥ ስለቆማችሁ ነው። ሲግናሉ ሲደክም ደግሞ ስልኩ ራሱ ጮክ ብሎ ለመናገር ይገደዳል፤ ባትሪ የሚጨርሰውም ያኔ ነው። ስልኩን ሳትነኩት ባትሪው የሚያልቅባችሁ ክፍል ካለ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ዲቢኤሙን ተመልከቱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በብዙ አገር ኩባንያዎች ማማ ይጋራሉ። አንዳንዴ ብረቱን ብቻ፣ አንዳንዴ አንቴናውንም ጭምር። የሁለቱም አንቴና የተሰቀለው ከኮረብታ ጀርባ ባለው አንድ ማማ ላይ ከሆነ፣ ቀየራችሁም አልቀየራችሁም ኮረብታው እዚያው ነው። የራሳቸው ማማ የሌላቸው፣ ከሌላ ተከራይተው በራሳቸው ስም የሚሸጡ ኩባንያዎችም አሉ። ቨርጂን ሞባይል በ1999 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ረከስ ይላሉ። ግን «የማንን ማማ ነው የምትጠቀሙት?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትግዙ። የሸሻችሁት ኔትወርክ ራሱ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ማማው ሲጨናነቅ ባለቤቱ የራሱን ደንበኞች ያስቀድማል።

ጥፋቱ የስልኬ ቢሆንስ?

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። በእኔ ደርሷል። መኝታ ክፍሌ ውስጥ ኔትወርክ አልገባ ብሎኝ ለወራት ኩባንያውን ስረግም ከረምኩ። አንድ ቀን ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ያያል። ያው ኩባንያ፣ ያው ክፍል። ሲሜን አውጥተን እሱ ስልክ ውስጥ ከተትነው፤ ሠራ። የእሱን እኔ ስልክ ውስጥ ስንከተው ጠፋ። ስልኬ ለሌላ ገበያ የተሠራ ስለነበር፣ ኩባንያው ግድግዳ የሚሻገርበትን ዝቅተኛ ሞገድ አይቀበልም ነበር። ሲም ብቀይር ኖሮ ምንም አይለወጥም ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን የሁለት ደቂቃ ሙከራ አድርጉ። ሲማችሁን ሌላ ስልክ ውስጥ ከታችሁ፣ ችግሩ ያለበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ደውሉ።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው አሠራር 4ጂ ለዳታ ብቻ ነበር፤ ስትደውሉ ስልኩ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። አሁን ጥሪውም በ4ጂ ላይ የሚሄድበት ቮልቲኢ የሚባል አሠራር አለ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች 3ጂን በ2022 እ.ኤ.አ. ሲዘጉ፣ ቮልቲኢ የሌላቸው አሮጌ ስልኮች ጥሪ የሚያደርጉበት መንገድ አጡ። ብዙ አገሮች በዚሁ አቅጣጫ እየሄዱ ነው። ችግሩ፣ አንዳንድ ስልክ በአንዱ ኩባንያ ላይ ቮልቲኢ ሠርቶለት በሌላው እምቢ ይላል፤ ኩባንያው የስልኩን ሞዴል መቀበል አለበትና። ከመቀየራችሁ በፊት የስልኩን ሙሉ የሞዴል ስም ይዛችሁ ጠይቁ። በጣም የቆየ ሲም ካርድም 4ጂ ላይሠራ ይችላል። እዚያው ኩባንያ ሄዶ ሲሙን ማስቀየር ብቻ የሚፈታው ችግር አለ ማለት ነው።

ታዲያ ሰው ለምን አይቀይርም?

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው አንዱ ነው። ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የሚያስሩ ቋጠሮዎች አሉ።

የመጀመሪያው ቋጠሮ የምንደዋወለው ሰው ነው። በብዙ አገር ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ስትደውሉ፣ የእናንተው ኩባንያ ጥሪውን ለሚቀበለው ኩባንያ ይከፍላል። ጥሪው እዚያው ውስጥ ሲሆን ይህ ወጪ የለም። «በራሳችን መስመር ውስጥ በነፃ» የሚለው ጥቅል የሚመጣው ከዚህ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ኔትወርክ ላይ ካለ፣ ብቻውን የሚወጣው ሰው ይጎዳል፤ የሚደውሉለትም ይጎዳሉ። ይህ ቋጠሮ ግን እየላላ ነው። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ለሚደዋወል ሰው ማን የማን ደንበኛ እንደሆነ ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው ስልኩ ነው። በቅናሽ ወይም በየወሩ ክፍያ የተሸጠ ስልክ በዚያ ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ ሊቆለፍ ይችላል። ካናዳ በ2017፣ ብሪታንያ ደግሞ በ2021 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ከልክለዋል። በሌላ አገር ከሆናችሁ የሌላ ኩባንያ ሲም ከትታችሁ ማየት ይበቃል።

ከባዱ ቋጠሮ ቁጥሩ ነው። ባንኩ የሚያውቃችሁ በዚያ ቁጥር ነው። የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። ኢሜላችሁ፣ ቴሌግራማችሁ፣ አሥር ዓመት ሳይደውል ቆይቶ አንድ ቀን የሚደውለው ዘመዳችሁ፣ ሁሉም በእሱ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እዚህ ላይ ሰው ቢጠነቀቅ ልክ ነው።

ቁጥሬን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

አብዛኛው ሰው ቁጥሩ ሲም ካርዱ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ኔትወርኩ ሲሙን የሚለየው ብዙ ጊዜ 15 አሃዝ ባለው ሌላ መለያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አገሩን፣ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ወይም ሦስት አሃዞች ኩባንያውን ይነግራሉ። ስልክ ቁጥራችሁን ከዚህ መለያ ጋር የሚያገናኘው ኩባንያው ጋ ያለ መዝገብ ነው። ሲም ጠፍቶባችሁ በአዲስ ሲም ያንኑ ቁጥር የምታገኙት ለዚህ ነው፤ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የተለወጠው።

ቁጥር ይዞ መዘዋወር የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በብዙ አገሮች ኩባንያዎች በጋራ የሚያዩት መዝገብ አለ። ሰው ሲደውልላችሁ የደዋዩ ኩባንያ መጀመሪያ «ይህ ቁጥር አሁን የማን ነው?» ብሎ ያያል፤ ከዚያ ጥሪውን ወደዚያ ይልካል። ሲንጋፖር ይህን በ1997 ጀመረች። ብሪታንያ በ1999፣ አሜሪካ በ2003፣ ደቡብ አፍሪካ በ2006፣ ሕንድ፣ ኬንያና ጋና በ2011፣ ናይጄሪያ በ2013 ተከተሉ፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከጁላይ 2019 ወዲህ አንድ አጭር መልዕክት ልኮ ኮድ መቀበል ይበቃል። ኮዱን ለአዲሱ ኩባንያ ከሰጡ በኋላ ቁጥሩ በአንድ የሥራ ቀን ይሻገራል።

ይህ አሠራር በሌለበት አገር ግን መቀየር ማለት አዲስ ቁጥር ማለት ነው። አሮጌውን ቁጥር እንዲሁ መጣል አደገኛ ነው። ኩባንያዎች የተተወ ቁጥርን ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ደንቡ የሚያስገድደው ቢያንስ 45 ቀን መጠበቅን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእናንተ የባንክ ኮድ የማታውቁት ሰው ስልክ ላይ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ባንኩን፣ ኢሜሉን፣ ማኅበራዊ ገጾቹን ወደ አዲሱ ቁጥር አዙሩ። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ሴቲንግ ውስጥ «ቁጥር ቀይር» የሚል አላቸው። ሁሉም ተዛውሮ እስኪያልቅ አሮጌው ሲም በሕይወት ይቆይ።

ሳልቀይር እንዴት ልሞክር?

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። አዲሱን ሲም በአሮጌው ቦታ አትተኩት፤ ከጎኑ አስቀምጡት። ብዙ ስልክ ሁለት ሲም ይቀበላል። ኢሲም የሚቀበል ስልክ ካላችሁ ካርድም አያስፈልግም፤ መስመሩ ስልኩ ውስጥ ባለ ቺፕ ላይ ይጫናል። በትንሿ ጥቅል ሁለት ሳምንት አብራችሁ ተጠቀሙባቸው።

ከዚያም በፊት በነፃ የሚደረግ ነገር አለ። ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ በራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውን አጥፉና ስልኩ ይፈልግ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ እዚያ ቦታ የሚሰሙትን ኩባንያዎች ስም ይዘረዝራል። ጥራታቸውን አይነግራችሁም፤ መኖራቸውን ግን ይነግራችኋል። ሲጨርሱ መልሶ ማብራት እንዳይረሳ። «የአደጋ ጥሪ ብቻ» የሚለው ጽሑፍም ወሬ ያቀብላል። ሲማችሁ ደህና ሆኖ ይህ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ትርጉሙ የእናንተ ኔትወርክ እዚያ የለም፣ የሌላው ግን አለ ማለት ነው።

ሁለቱን ሲም ስታወዳድሩ መንገድ ላይ ሳይሆን የምትኖሩበት ቦታ ላይ አወዳድሩ፤ አልጋው ጋ፣ ሥራ ቦታ ወንበራችሁ ላይ፣ ሁሌ በምትሄዱበት መኪና ውስጥ። ሰዓቱም ይለያይ። ጠዋት ብቻ የሞከረ ሰው ግማሹን ነው ያየው። የፍጥነት ቁጥር ትልቅነት ላይ ደግሞ ብዙ አትጨነቁ። ጥራት ላለው ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይበቃል። ለጥሪ ከፍጥነቱ ይልቅ መዘግየቱ ይበልጣል። ድምፃችሁ እዚያ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ሲፈጅበት ንግግር መጋጨት ይጀምራል።

ዋጋን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት በእውነት ስንት ዳታና ስንት ደቂቃ እንደተጠቀማችሁ እዩ፤ የሚወዳደረው እሱ ነው። የመጀመሪያው ወር ስጦታ አይወዳደርም።

ችግሩ ቤት ውስጥ ብቻ ሆኖ ዋይፋይ ካላችሁ፣ በዋይፋይ መደወል የሚለውን አብሩት። ኩባንያችሁና ስልካችሁ ከደገፉት ጥሪው በማማው ፈንታ በዋይፋይ ያልፋል። መቀየርም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ለመቀየር ከወሰንኩስ?

ውላችሁ ማለቁን፣ ያልተከፈለ ሒሳብ አለመኖሩን አረጋግጡ። ቀሪ ሂሳባችሁን ጨርሱ፤ አብሮ አይሻገርም። የኮድ ጉዳይ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ፦ «የመዘዋወሪያ ኮድህን ንገረኝ» ብሎ ለሚደውል ማንኛውም ሰው አትስጡ። ቁጥር የሚሰረቀው እንዲህ ነው። ሳትጠይቁ ሲማችሁ ድንገት ሥራ ካቆመ ለኩባንያውና ለባንካችሁ ወዲያው ደውሉ።

ቁጥራችሁን ይዛችሁ የምትሻገሩ ከሆነ፣ በመቀየሪያው ቀን አሮጌውን ሲም አታውጡ፤ ዝም እስኪል ጠብቁ። «አገልግሎት የለም» ሲል ቁጥራችሁ ተሻግሯል ማለት ነው። አዲሱን ክተቱና ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ከዚያ በሌላ ኩባንያ መስመር ላይ ያለ ሰው እንዲደውልላችሁ ጠይቁ፤ አጭር መልዕክትም ይላክላችሁ። ባንካችሁ ኮድ እንዲልክ አድርጉና መድረሱን እዩ። ሦስቱም ከደረሱ፣ አሮጌውን ሲም መጣል ትችላላችሁ።